የፒዛ ስልስ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ቤቱ ፒዛ የሚጋግር ሰው ስለ ሊጡ ይጨነቃል፣ ስለ ፎርማጆው ይከራከራል። ስልሱን ግን ለፓስታ እንደለመደው ሠርቶ ይቀባውና ያልፋል። ከዚያ ፒዛው ይወጣል፤ ዳሩ ደርቋል፣ መሃሉ ርሷል፣ ቁራሹን ሲያነሡት ጫፉ ተዘንብሎ ያለው ሁሉ ሳህኑ ላይ ይወርዳል። «ሊጡ አልቦካም ነበር» ይባላል። እርሾው ይወቀሳል፣ ዱቄቱ ይወቀሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የስልሱ ውኃ ነው።

ቲማቲም ከመቶ ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት እጁ ውኃ ነው። ፒዛ ደግሞ በብርቱ ሙቀት በአጭር ጊዜ የሚበስል ነገር ነው። ስለ ስልስ የሚነገረን ምክር ሁሉ መመዘን ያለበት በእነዚህ በሁለቱ ነው፦ ቲማቲሙ ምን ያህል ውኃ ይዟል፣ እሳቱስ ምን ያህል ይችላል? ብዙዎቹ አባባሎች ከባዶ የመጡ አይደሉም። አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ልክ የነበሩ፣ ሌላ ወጥ ቤት ሲገቡ ግን ተረት የሆኑ ናቸው።

«ጥሩ ስልስ ብዙ ሰዓት መንተክተክ አለበት»

ናፖሊ ላይ ይህ ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያው የተቋቋመው የእውነተኛው የናፖሊ ፒዛ ማኅበር አሠራሩን በደንብ አስፍሮታል፤ በደንቡ መሠረት ስልሱን ከመጋገሩ በፊት እሳት አይነካውም። የተላጠ ቲማቲም በእጅ ይፈረፈራል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ በቃ። ዘይቱና ቅጠሉ የሚጨመሩት ፒዛው ላይ ነው።

ይህ የሚያዋጣው በምድጃቸው ምክንያት ነው። በእንጨት የሚነደው የናፖሊ ምድጃ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ፒዛው ውስጡ የሚቆየው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ነው። በስሱ የተቀባው ቲማቲም በዚያች ቅጽበት ይበስላል፣ ውኃው በንኖ ይሄዳል፣ የትኩስ ፍሬ ጣዕሙ ግን ይቀራል። ሌላም አለ። እዚያ የሚፈረፈረው ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ ነው፤ ሲታሸግ ሙቀት አልፎበታል። ስለዚህ «ጥሬ ስልስ» ሲባል እንደ ስሙ ጥሬ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የቤት ኦቨን ቢበዛ 250 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ፒዛውም ስምንትም አሥራ ሁለትም ደቂቃ ይቆያል። በዚህ ላይ ከጉሊት የተገዛ ትኩስ ቲማቲም ተፈርፍሮ ሳይበስል ቢፈስበት፣ ውኃው ለመትነን ጊዜ ስለማያገኝ ወደ ሊጡ ይሰርጋል። ኦቨን የሌለው ደግሞ በመጥበሻ ወይም በኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን ገጥሞ ይጋግራል። እዚያ እሳቱ ከታች ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። በመጥበሻ የሚጋገር ፒዛ ስልሱ ቀድሞ መብሰል አለበት፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ማብሰል ሲባል ግን እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማለት አይደለም። አፉ ሰፊ በሆነ ድስት ወይም መጥበሻ፣ ክዳን ሳይገጠም፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። መድረሱን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ ጥቂት መጠበቅ ነው። ዙሪያውን ቀላ ያለ የውኃ ቀለበት ከሠራ ገና ነው። እንደተከመረ ቁጭ ካለ፣ ሳህኑ ሲዘነበልም ቀስ ብሎ ከተንሸራተተ ደርሷል። ከዚያ አልፎ ከተንተከተከ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም የቲማቲም ድልህ ይሆናል፤ ኦቨን ውስጥ ሁለተኛ እሳት እንደሚጠብቀው አይርሱ።

«ከትኩስ ቲማቲም የተሠራ ሁልጊዜ ይበልጣል»

ይህን የሚሉት ሰዎች ምኞታቸው ደግ ነው። እውነቱ ግን ከቲማቲሙ ላይ ነው ያለው። ለማሸግ የሚለቀም ቲማቲም ተክሉ ላይ ቀልቶ፣ ስኳሩን ሞልቶ ነው ፋብሪካ የሚገባው። ለገበያ የሚላክ ደግሞ መንገድ እንዲችል ገና ሳይበስል ይለቀማል፤ ቅላቱን የሚያገኘው ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆዳው ቀልቶ ውስጡ ነጣ ያለ፣ ሲቆረጥ የሚንኮሻኮሽ ቲማቲም ከያዙ፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ ይበልጠዋል። በደንብ የበሰለ፣ ሥጋማ የሆነ ቲማቲም ካገኙ ግን ክርክሩ ያበቃል፤ ትኩሱን የሚያህል የለም።

የሚመረጠው ሞላላው ዓይነት ነው። ሮማ የሚባለው ሥጋው ብዙ፣ ጭማቂው ጥቂት ነው። ከእኛም የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሾላና መልካሳልሳ የተባሉ ዝርያዎች አሉ፤ ሁለተኛው ከስሙም እንደሚታየው ለማቀነባበር የታሰበ ነው። ድብልብልና ትልልቅ፣ ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፈለና ጭማቂ የሞላበት ቲማቲም ለሰላጣ ይሁን። ያልበሰለ ከገዙም ፍሪጅ አያስገቡት። ብርድ የቲማቲምን ሽታ የሚሠሩትን ነገሮች ምርት ያቆማል፤ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ቀን ይሰንብት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቲማቲሙ ጫፍ በመስቀል ይሰነጠቃል፤ የፈላ ውኃ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይገባና ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ልጣጩ በአውራ ጣት ሲገፉት እየተንሸራተተ ይወጣል። በእጅ ይፈረፈራል፣ ጨው ይደረግበታል፣ ወንፊት ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይተዋል። ጨው ውኃውን ይስበዋል፤ ከሥር ባለው ጎድጓዳ ሳህን ቢጫ ቀይ የሆነ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ይህ ፈሳሽ አይደፋም። ለብቻው በትንሽ መጥበሻ ጥቂት ማንኪያ እስኪቀር ድረስ ይፈላና እንደ ሽሮፕ ሲወፍር ወደ ሥጋው ይመለሳል። በዚህ መንገድ ውኃው ይሄዳል፣ ጣዕሙ ይቀራል፣ የቲማቲሙም ሥጋ ብዙ እሳት ሳያየው ትኩስነቱን ይዞ ይቆያል። ትንሽ ያደክማል፤ ግን በቤት ኦቨን ወደ ናፖሊው ጣዕም የሚያስጠጋ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ቆርቆሮም ሁሉ አንድ አይደለም። አሜሪካም አውሮፓም ላሉ አንባቢዎች ይህ ይጠቅማል፤ ሙሉውን ተላጦ የታሸገውን ይግዙ እንጂ በትናንሹ የተከተፈውን አይግዙ። የተከተፈው ቅርጹን እንዳያጣ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል፤ ቢያበስሉት ቢያበስሉት አይሟሟም፣ እንደተቆረጠ ይቀራል።

«ድልህ ለፒዛ አይሆንም»

ተረት። ድልህ ውኃው የወጣለት ቲማቲም ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። አገር ውስጥ የመርቲን ድልህ የማያውቅ ወጥ ቤት ጥቂት ነው። ችግሩ ያለው አጠቃቀማችን ላይ ነው፤ ከጣሳው በማንኪያ አውጥቶ በቀጥታ ሊጥ ላይ መቀባት። ያ ይመራል፣ ይደርቃል፣ ይቃጠላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ትኩስ ቲማቲም ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነው ጠጣር። እጥፍ የተጠናከረ የሚባለው ድልህ ወደ 28 ይደርሳል፤ ብዙ ቆርቆሮዎች ላይ 28-30 ብሪክስ ተብሎ ይጻፋል። አንድ እጅ ድልህ በአምስት እጅ ውኃ ቢበጠበጥ ወደ ትኩስ ቲማቲም ቅጥነት ይመለሳል። ለፒዛ የሚፈለገው ከዚያ ወፈር ያለ ነው፤ አንድ እጅ ድልህ ለሁለት እጅ ውኃ። መጀመሪያ ግን ድልሁ በጥቂት ዘይት ደማቅ ቀይነቱ ወደ ጡብ ቀለም እስኪያደላ፣ ዘይቱም እስኪቀላ ድረስ ይጠበስ። የጣሳው ሽታ የሚለቀው ያኔ ነው። ከዚያ ውኃው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቅመሙ። ጨው ከመጨመር በፊት መቅመስ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ድልህ ቀድሞውኑ ጨው አለበት።

እኔ የምወደው ግን ሁለቱን ማደባለቅ ነው፤ ትኩስ ቲማቲሙ መዓዛውን ይሰጣል፣ አንድ ማንኪያ ድልህ ደግሞ ውፍረቱንና ቀለሙን።

«ሳን ማርዛኖ ካልሆነ ስልሱ ስልስ አይደለም»

ሳን ማርዛኖ በናፖሊ አካባቢ፣ በሳርኖና በኖቼራ ወረዳ የሚበቅል ረዘም ያለ ቲማቲም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በዚያ ወረዳ ያልበቀለ በዚያ ስምና ማኅተም አይሸጥም። ጥሩ ቲማቲም መሆኑን ማንም አይክድም፤ ዘሩ ጥቂት፣ ሥጋው ብዙ፣ ኮምጣጣነቱና ጣፋጭነቱ የተመጣጠነ። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1770 ከፔሩ ለናፖሊ ንጉሥ በስጦታ የመጣ ነው የሚለው ትረካ ግን ከማስታወቂያ ጋር የሚዞር አፈ ታሪክ ነው።

የናፖሊው ማኅበር ራሱ ሳን ማርዛኖን ብቻ አያዝዝም። በቬሱቪዮ ተራራ ተዳፋት የሚበቅለውን፣ በዘለላ ተንጠልጥሎ የሚቆየውን ፒዬኖሎን የመሰሉ ሌሎችም ይፈቀዳሉ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያልጠየቁትን እኛ ከራሳችን የምንጠይቅበት ምክንያት የለም። ለአንድ ቆርቆሮ የሦስት ቆርቆሮ ዋጋ ከፍሎ ፎርማጆና ነጭ ሽንኩርት ከሥሩና ከላዩ ከቆለሉበት በኋላ ልዩነቱን የሚለይ ምላስ ብርቅ ነው።

«ዘሩ ስልስ መራራ ያደርጋል፤ መውጣት አለበት»

ግማሽ እውነት። ዘሩ ራሱ ተፈጭቶ ሲሰበር ትንሽ መራራነት ይለቃል፤ ይህ የሚሆነው በብሌንደር ነው። ሙሉውን ዘር ግን ማንም አይቀምሰውም። ችግሩ ዘሩን ስንጥል ዙሪያውን የያዘውን ዝልግልግ ነገር አብረን መጣላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከታዋቂው ሼፍ ከሄስተን ብሉመንታል ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ምግብን «ጣፈጠ» የሚያሰኘው ግሉታሜት ከቲማቲሙ ሥጋ ይልቅ በዚያ በውስጠኛው ክፍል በብዛት እንደሚገኝ አሳይተዋል። ዘሩን በማንኪያ ጠርጎ የሚጥል ሰው የስልሱን ምርጡን ክፍል ለቆሻሻ እየሰጠ ነው።

ዘሩ ጥርስ ውስጥ ሲገባ የሚያስጠላው ሰው በሰፊ ዓይን ወንፊት በጭልፋ ጀርባ ይጭመቀው፤ ዝልግልጉ ያልፋል፣ ዘሩ ይቀራል። ብሌንደሩን ግን ቢተዉት ይሻላል። ዘሩን መስበሩ ብቻ አይደለም፤ አየር ያስገባበትና ደማቁን ቀይ ወደ ሮዝነት ይለውጠዋል፣ ላዩም አረፋ ያወጣል። እጅ እያለ ማሽን ምን ያደርጋል?

«ያለ ቀይ ሽንኩርት ስልስ የለም»

እዚህ ላይ ነው ልማዳችን የሚያታልለን። እኛ ዘንድ ምግብ የሚጀመረው ሽንኩርት ከመክተፍ ነው፤ ድስቱ ሳይጣድ ሽንኩርቱ ይላጣል። ለፓስታ ስልስ ይህ ልክ ነው። ለፒዛ ግን ቀይ ሽንኩርት ሁለት ነገር ያበላሻል፤ የራሱን ውኃና የራሱን ጣፋጭነት ይጨምራል፣ የቲማቲሙንም መዓዛ ይሸፍነዋል። ማሪናራ በሚባለው ፎርማጆ የሌለው የናፖሊ ፒዛ ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው፤ እሱም በስሱ ተቆርጦ ላዩ ላይ ይበተናል።

ክልክል ነው ግን አይባልም። በጣሊያን ምድር በጽሑፍ ከቀሩት የቲማቲም ስልሶች ቀዳሚው የሚገኘው አንቶኒዮ ላቲኒ ናፖሊ ላይ እ.ኤ.አ. በ1692 እና በ1694 በሁለት ቅጽ ባሳተመው የምግብ መጽሐፍ ነው፤ «በስፔን ዘዴ» ብሎታል። ቲማቲሙ ፍም ላይ ይለበለባል፣ ይላጣል፣ ይከተፋል፤ ከዚያ ሽንኩርት፣ የዱር ጦስኝ፣ ጨው፣ ዘይትና አቼቶ ይጨመርበታል። ፒዛና ቲማቲም ገና አልተጋቡም ነበር፤ ስልሱ ለሌላ ምግብ ማባያ ነው። ከሰል ላለው ወጥ ቤት ግን የፍሙ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ልጣጩ ጠቁሮ ሲላቀቅ ውኃውም አብሮ ይቀንሳል፣ ሥጋው ላይ የጭስ ሽታ ይቀራል።

ሽንኩርት ካልገባበት አይሆንልኝም የሚል ሰው አንድ ትንሽ ራስ በጣም አድቅቆ፣ በዘይት ቀለም ሳያስይዝ ውኃው እስኪያልቅ ያብስለው። ከዚያ በላይ ከሆነ የሠሩት ለፓስታ ነው።

«ስኳር ኮምጣጣነቱን ያጠፋል»

አያጠፋም፣ ይሸፍናል። ስኳር የአሲዱን መጠን አይነካም፤ ምላሳችን ግን ጣፋጩ ሲመጣ ጎምዛዛውን ቀነስ አድርጎ ይሰማዋል። ላልበሰለ ቲማቲም አንድ ቁንጥር ስኳር ነውር የለበትም። ማንኪያ ሙሉ ሲሆን ግን ስልሱ ማርማላታ ይሆናል፤ ጋለ ባለ ኦቨንም ዳር ዳሩ ይጠቁራል።

አሲዱን በእርግጥ የሚቀንሰው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ አረፋ አውጥቶ ይቅለጠለጣል፤ አረፋው ሲያባራ ጎምዛዛነቱ ቀንሷል። ለግማሽ ኪሎ ስልስ በሁለት ጣት የሚቆነጠር ብቻ ይበቃል። ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ማስተካከያም የለውም። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ሌላ ነው፤ አሲዱን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ እዚህ አይጠቅምም።

ከሁለቱም በፊት ግን ጨው ይሞከር። ጎመዘዘ የተባለ ስልስ ብዙ ጊዜ ጨው ያነሰው ነው።

«ኦሬጋኖና ባዚል ከሌለ አይሠራም»

ኦሬጋኖ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ አለ። በሌለበት ግን የደጋው ጦስኝ ይተካዋል፤ ይህን የምለው ለአገር ፍቅር አይደለም። የኦሬጋኖን ሽታ ኦሬጋኖ የሚያሰኙት ካርቫክሮልና ታይሞል የተባሉ ንጥረ ነገሮች በእኛ ጦስኝ ውስጥም በብዛት አሉ። የደረቀ ጦስኝ በመዳፍ ታሽቶ ግንዱ ተለቅሞ ይገባል፤ ጠንካራ ስለሆነ ከኦሬጋኖው በግማሽ መጀመር ይሻላል። ስልሱ ውስጥ ገብቶ አሥር ደቂቃ ያህል ካረፈ ይለሰልሳል።

በበሶብላ ባዚልን መተካት ግን ያን ያህል አያዋጣም። ዘመዳሞች ናቸው፤ ሽታቸው ግን የተለያየ ነው። የደረቀው የበሶብላ አበባ ለሽሮና ለበርበሬ የተፈጠረ ያህል ነው፤ ፒዛ ላይ ሲሆን ሁሉን ይጫናል። ለምለም ቅጠሉን ካገኙ አንድ ሁለት ቅጠል ይሞክሩ፣ ካልሆነ ይቅር፤ ማሪናራ ያለ ባዚልም ይኖራል። የጣሊያኑን ባዚል ያገኘ ሰው ደግሞ ስልሱ ውስጥ አያንተክትከው፤ መዓዛው በንኖ ይሄዳል።

በርበሬስ? ማንም አይከለክልም፤ የደቡብ ጣሊያን ሰዎችም ሚጥሚጣ የመሰለ ቃሪያ ይወዳሉ። በርበሬ ግን ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ይሻክራልም። መጀመሪያ በዘይት ጠበስ አድርጎ ከዚያ ቲማቲሙን መጨመር ነው። በጥሬ ስልስ ላይ እሳት የሚፈልግ ሰው ሚጥሚጣውን ፒዛው ከወጣ በኋላ ነስነስ ያድርግ።

«ስልሱ ሲበዛ ይጣፍጣል»

ተረት፣ ያውም ውድ ተረት። የናፖሊው ደንብ ለአንድ ማርጋሪታ የሚፈቅደው ከ60 እስከ 80 ግራም ቲማቲም ነው፤ ፎርማጆ ለሌለው ማሪናራ ከ70 እስከ 100 ግራም። የማርጋሪታው በምግብ ማንኪያ አራት ወይም አምስት ማለት ነው። ማንኪያው ከመሃል ተነሥቶ በክብ እየዞረ ወደ ዳር ይወጣል፤ ከዳር ሁለት ጣት ሲቀር ይቆማል። ሊጡ እዚህም እዚያም በስልሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ቢታይ ልክ ነዎት። ከአንድ ኪሎ ጥሩ ቲማቲም ለአምስት ፒዛ የሚሆን ስልስ ይወጣል፤ ይህን ያህል ቲማቲም አንድ ፒዛ ላይ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ስልሱም ሲቀባ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ትኩሱ ሊጡን ገና ኦቨን ሳይገባ ያላቁጠዋል።

«ካቻፕ ያው ቲማቲም ነው»

ቲማቲም አለበት። አቼቶና ስኳርም በብዛት አለበት። ኦቨን ውስጥ አቼቶው ይተንናል፣ ስኳሩ ይቃጠላል፣ የሚቀረው የከረሜላ ሽታ ነው። ፒዛው ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ ካቻፕ መጭመቅ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ በዚያ አልከራከርም፣ የየሰው ምላስ ነው። ከፎርማጆው ሥር ግን አይግባ።

«የጾም ፒዛ የእኛ ፈጠራ ነው፤ ፒዛ ያለ ፎርማጆ አይሆንም»

ከናፖሊ ፒዛዎች በዕድሜ ከሚቀድሙት አንዱ ማሪናራ ነው፤ የሚሠራውም በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኦሬጋኖና በዘይት ብቻ ነው። ስሙን ሰምተው ዓሣ ያለበት የሚመስላቸው አሉ፤ የለበትም። ለሁዳዴም ለረቡዕና ለዓርብም አንድም ነገር ሳይቀነስለት የሚሆን ፒዛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ፒዛ ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የፎርማጆውን ቦታ ለመሙላት ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና ድንች የተቆለለበት ነው፤ አትክልቱ ሁሉ ውኃውን ሲለቅ ሊጡ ይርሳል። ስልሱ ጥሩ ከሆነ ያ ሁሉ ክምር አያስፈልግም። በጾም ቀን ቲማቲሙን ትንሽ ማብዛት፣ ዘይቱን አለመሰሰት፣ ነጭ ሽንኩርቱን በስሱ መቁረጥ ይበቃል። የወይራ ዘይት ካልተገኘ የሱፍም ይሠራል፤ የኑግ ዘይት ግን ጣዕሙ ከቲማቲሙ ይቀድማል።

«ሲበስል ጥቅሙ ይጠፋል»፣ «በአሉሚኒየም ድስት ከተሠራ መርዝ ነው»

ሁለቱን በአንድ ላይ እናንሣ፤ ብዙ አያቆዩም። ቲማቲም ሲበስል ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል፤ ቀይ የሚያደርገውን ላይኮፒን ግን ሰውነታችን ከጥሬው ይልቅ ከበሰለውና ዘይት ከነካው ቲማቲም አብልጦ ይወስዳል። ስለ ድስቱ፦ የቲማቲም አሲድ አሉሚኒየምን በጥቂቱ ያሟሟል፤ ድስቱን ያነጣዋል፣ ስልሱንም ብረት ብረት ያሰኘዋል። አንድ ቀን የበላ ሰው ይመረዛል ማለት አይደለም። ግን አይዝጌ ብረት ወይም ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ድስት ካለ እሱን መጠቀም ነው፤ ያም ከሌለ ስልሱን አሉሚኒየሙ ውስጥ አለማሳደር።

«ዘይት ከላይ ከፈሰሰበት ወር ይቀመጣል»

ከሁሉ የሚያሠጋው ይህ ነው። ዘይት ሻጋታን ሊያዘገይ ይችላል፤ ሻጋታ ስላልታየ ግን ስልሱ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚወደው አየር የሌለበትን ቦታ ነው፤ ዘይቱ የሚያዘጋጅለት ያንኑ ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል።

ባክቴሪያውን የሚገታው አሲድ ነው፤ መስመሩም ፒኤች 4.6 ነው። ከዚያ በታች ያለ ምግብ ውስጥ አያድግም። ቲማቲም እዚሁ መስመር አጠገብ ይኖራል፤ አንዳንዱ በታች፣ በጣም የበሰለው አንዳንዴ በላይ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቅጠልና ቤኪንግ ሶዳ ሲገቡበት ደግሞ አሲዱ ይዳከማል። አሜሪካ ውስጥ ቤታቸው ቲማቲም በጠርሙስ የሚያሽጉ ሰዎች ለአንድ ሊትር ገደማ ሁለት የምግብ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ እንዲጨምሩ የሚታዘዙት ለዚህ ነው። ከፍታም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ ለባሕር ጠለል የተጻፈ የማሸጊያ ሰዓት እዚህ አይበቃም። ስለዚህ ቅመም የገባበትን ስልስ ቤት ውስጥ በጠርሙስ አሽጎ ቁም ሣጥን ማስገባትን አልመክርም።

የሚመከረው ቀላል ነው። ስልሱ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ሰፋ ባለ ዕቃ ይዘርጋ፤ በክዳን ፍሪጅ ገብቶ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይበላ። ቆርቆሮ ተከፍቶ የተረፈ ካለም ወደ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ይገልበጥ። ለበለጠ ጊዜ ፍሪዘር አለ፤ በአንድ ፒዛ ልክ፣ አምስት አምስት ማንኪያ፣ በትናንሽ ፌስታል ተዘርግቶ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። ጠፍጣፋ ሆኖ የቀዘቀዘ ስልስ ሊጡ እስኪዳመጥ ድረስ ይቀልጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ፌስታሉን ይዳስሱት፤ ውስጡ ገና የበረዶ ፍርፋሪ ካለው መልሰው ያስገቡት ወይም የዚያኑ ቀን ይጋግሩበት፤ ቀልጦ ለብ ካለ ይድፉት።